ከቱርቦው በፊት

አንዷ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራ ላንድክሩዘር 80 ከአባቷ የወረሰች የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። ሌላው ዕድሜያቸውን በናፍታ ሞተር ሥር ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መካኒክ፣ የአባቷ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው። መኪናው አዲስ አበባ፣ በልጅቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

እሷ፦ ዝርዝሬን ጨርሻለሁ ጋሼ። ቱርቦ፣ መኪናውን አምስት ሳንቲሜትር የሚያነሳ ሞላ፣ የኤልኢዲ መብራት፣ ሰፋ ያለ ጎማ። ከየቱ ልጀምር?

ጋሼ፦ ከክሪኩ ጀምሪ። የቀኝ የፊት ጎማውን አውልቂ፤ ስለ ዝርዝሩ እየሠራን እናወራለን።

እሷ፦ ጎማው ደኅና ነው እኮ፤ ገና አዲስ ነው።

ጋሼ፦ ስለ ጎማው አይደለም የምልሽ። ጎንበስ በዪና ከቸርኬው ጀርባ ያለውን ክብ ብረት በእጅሽ ዳስሺው። ምን ያዘሽ?

እሷ፦ ጥቁር ግራሶ። ግን በጣም ቀጥኗል፤ በጣቶቼ መካከል ይወርዳል። ሽታውም ኃይለኛ ነው።

ጋሼ፦ ሽታው የዲፈረንሻል ዘይት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጨርሶ መገኘት አልነበረበትም። ትንሽ ከሰነበተ ዲስኩ ላይ ይደርሳል፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ደግሞ አይዝም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርጂ አንዱ የፊት ጎማ ባይዝልሽ ምን እንደሚሆን አስቢው።

እሷ፦ እሺ፣ ላንሳው።

ጋሼ፦ ቆይ፣ በክሪኩ ብቻ እንዳትተማመኚ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፊ፤ ካቫሌቶውን ከአክሰሉ ሥር አስገቢ፤ መሬቱ አፈር ስለሆነ ከካቫሌቶው ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። ክሪክ የተሠራው ለማንሳት ነው፤ ተሸክሞ ለማዋል አይደለም። ይህ መኪና ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ቀሪውን ሁሉ ብትሳሳቺ ይታረማል፤ ይህን ከተሳሳትሽ የሚያርመው የለም።

እሷ፦ ጎማው ወጥቷል። አሁን ከመፍታቴ በፊት ግን ዘይቱ ከየት መጥቶ እዚህ እንደደረሰ ያስረዱኝ። አሠራሩ ካልገባኝ እጄ አይታዘዘኝም።

ጋሼ፦ ጥሩ። የዚህ መኪና የፊት አክሰል ድፍን ነው፤ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ብረት። በውስጡ ከዲፈረንሻሉ ተነስተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄዱ ሁለት ሴሚያሶች አሉ። የፊት ጎማ ደግሞ መታጠፍ አለበት፤ ስለዚህ በየሴሚያሱ ጫፍ፣ እየታጠፈም ጉልበት የሚያስተላልፍ ስድስት የብረት ኳሶች ያሉት መገጣጠሚያ አለ። ቢርፊልድ ይሉታል። ቢርፊልዱ የሚሠራው በዚህ ክብ ቤት ውስጥ፣ በጠጣር ጥቁር ግራሶ ተከብቦ ነው። ዲፈረንሻሉ ግን የሚሠራው በቀጭን ዘይት ውስጥ ነው። ግራሶውና ዘይቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አጥራቸው ፓራኦሊ የሚባል አንድ የላስቲክ ቀለበት ብቻ ነው።

እሷ፦ ያ ፓራኦሊ አልቋል ማለት ነዋ።

ጋሼ፦ አልቋል። ዘይቱ ወደ ግራሶው ገብቶ አቀጠነው፤ የቀጠነው ግራሶም በኋላ በኩል ባለው መጥረጊያ አምልጦ ወጣ። ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ቢርፊልዱ ግራሶውን አጣ፣ ዲፈረንሻሉ ዘይቱን አጣ። ሰው ግን የሚያየው ከውጭ የወጣውን ብቻ ስለሆነ በጨርቅ ጠርጎ ያልፈዋል።

እሷ፦ አባቴ ጋራዥ በወሰደው ቁጥር «ግራሶ ጨምረንበታል» ነበር የሚሉት።

ጋሼ፦ ጨምረውም ይሆናል። ከላይ ባለው ቀዳዳ ግራሶ መሙላት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ፓራኦሊውን ለመቀየር ግን እስከ መጨረሻው መፈታት አለበት፤ ሁለቱን ጎን በደንብ ልሥራ ካልሽ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ ከዚያም ያልፋል። ጋራዥ ደግሞ የሚኖረው በቀን በሚያስወጣው መኪና ብዛት ነው። መካኒኩ ሌባ ነው አላልኩም። ደጁ ላይ አምስት መኪና ተሰልፎ፣ ባለቤቱ «ማታ እፈልገዋለሁ» እያለ፣ ይህን ሁሉ አጥቦ ለክቶ ለመግጠም ፋታ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ያንቺ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። እጅሽ ከእኛ እጅ አይፈጥንም፤ ግን የሚያጣድፍሽ የለም። ለማጠብ የፈለግሽውን ያህል ጊዜ አለሽ። የዚህ መኪና ግማሽ ጥገናው ደግሞ ማጠብ ነው።

እሷ፦ ቤተሰቡ በሙሉ «ሽጪውና ኤሌክትሪክ ግዢ» ይለኛል።

ጋሼ፦ አንቺስ ምን ትያለሽ?

እሷ፦ ከተማ ውስጥ ብቻ ብኖር እሰማቸው ነበር። ሥራዬ ግን በየገጠሩ የፀሐይ ኃይል መትከል ነው፤ ባትሪና ፓኔል ጭኜ አስፋልት የሌለበት ነው የምሄደው። ሸጬው መሰሉን ልግዛ ብል ደግሞ ከየት ይመጣል? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ያለኝን ማቆየት አለብኝ፤ ማቆየት ካለብኝም ራሴ ላውቀው እፈልጋለሁ።

ጋሼ፦ ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት። በይ፣ ካሊፐሩን ፍቺና በሽቦ ከሞላው ጋር እሰሪው። በማኒኮታው እንዳታንጠለጥዪው። የፍሬን ማኒኮታ ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም፤ ከውስጥ ሲጎዳ ከውጭ አይታወቅም።

እሷ፦ አሰርኩት። የሞዞውን ስድስት ዳዶዎችም ፈታሁ፤ ሳህኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

ጋሼ፦ አይልም። በየቡሎኑ ዙሪያ ሾጣጣ ሮንዴላ አለ፤ ነክሶ ይዞታል። ካቻቢቴ አስገብተሽ ለመፈልቀቅ እንዳትሞክሪ፤ ፊቱ ይጎዳና ሌላ ልቅሶ ታመጪያለሽ። ዳዶዎቹን እስከ ቡሎኑ ጫፍ ድረስ መልሰሽ እሰሪያቸው፤ ሮንዴላው ሲላቀቅ ዘሎ እንዳይጠፋ። አሁን ይህን የናስ ዘንግ ሳህኑ ላይ፣ በቡሎኖቹ መካከል ያዢና በመዶሻ ምቺ። መደብደብ አይደለም፤ አንድ ጊዜ፣ ጠንከር አድርገሽ።

እሷ፦ ወጣ! አንዱ ብቅ አለ።

ጋሼ፦ ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ናስ የምልሽ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ነው፤ የሚጎዳው እሱ ይሁን። ቀጥሎ ያለው 54 ሚሊሜትር ዳዶ ነው። ይህን በመሮና በመዶሻ እየመታ የሚፈታ ስንት አለ መሰለሽ! እያንዳንዱ ምት ዳዶውን ይበላዋል፤ መልሰሽ ስታጠብቂም ኩሽኔታውን ምን ያህል እንደጫንሽው አታውቂም። ትክክለኛውን ቁልፍ ሶማሌ ተራ ፈልጊ። ለዚህ መኪና ከምትገዢው መሣሪያ ሁሉ ቀድሞ መገዛት ያለበት እሱ ነው።

እሷ፦ ይዤዋለሁ፤ ባለፈው የነገሩኝን ገዝቻለሁ። ... ሞዞው ወጣ። ይኸው ሴሚያሱም ከነ ቢርፊልዱ መጣ። ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ግራሶ አይባልም፤ ውሃ ሆኗል።

ጋሼ፦ ሁሉንም ዝቀሽ አውጪ። ቢርፊልዱን በናፍታ እጠቢና ኳሶቹ የሚሮጡበትን ቦይ በጥፍርሽ ሂጂበት።

እሷ፦ በአንደኛው ጎን ለስላሳ ነው። በሌላኛው ጎን ጥፍሬን የሚይዝ ጎድጓዳ አለ።

ጋሼ፦ ጥፍርሽን የያዘው ጎን፣ መኪናው ወደ ፊት ሲነዳ ጉልበቱን የሚሸከመው ነው። መኪና ዕድሜውን የሚፈጀው ወደ ፊት በመሄድ ነው። ሌላኛው ጎን የሚሠራው ወደ ኋላ ሲሄድና በሞተር ሲያዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሳይበላ ይቀራል። አሁን የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ብናዞረውስ?

እሷ፦ ያልተበላው ጎን ሸካሚ ይሆናል! አዲስ ሳንገዛ?

ጋሼ፦ ሳንገዛ። መሪውን እስከ ጥግ አጥፈሽ ስትነጂ የሚሰማሽ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ይቀንስልሻል። ቤቱ የተሰነጠቀ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸ ደኅና ነው። ሁለቱንም ጎን ዛሬ የምንፈታው ለዚህም ጭምር ነው።

እሷ፦ ፓራኦሊውን ያወጣሁት መሰለኝ። አዲሱን ዝም ብዬ ልምታው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ አሮጌው ምን ያህል ጠልቆ ተቀምጦ እንደነበር ለኪ፤ አዲሱም እዚያው ይቁም። ከንፈሩን ግራሶ ቀቢው፤ ደረቅ ከንፈር በመጀመሪያው ዙር ይቃጠላል። ዙሪያውን እኩል እየነካሽ አስገቢ፤ አንድ ጎን ቀድሞ ከገባ ተጣሞ ይቀራል። ሴሚያሱን ስትመልሺ ደግሞ ክብደቱን ፓራኦሊው ላይ እንዳታሳርፊው፤ በአንድ እጅሽ ከፍ አድርገሽ ይዘሽ በቀጥታ አስገቢ። አዲስ ፓራኦሊ ተገጥሞ በሳምንቱ የሚያፈስበት አንዱ ምክንያት ይኸ ነው። ሌላው ደግሞ ሴሚያሱ ራሱ ነው፤ ከንፈሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት አለ?

እሷ፦ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ጥፍሬን ግን አይይዝም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ይሠራል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ፓራኦሊው ለምን አለቀ?

እሷ፦ አርጅቶ ነዋ። ስንት ዓመቱ ነው?

ጋሼ፦ እርጅናም አለበት። ግን አክሰሉ ላይ ወጣ በዪና ያችን ትንሽ መተንፈሻ እዪያት።

እሷ፦ በጭቃ ተደፍናለች።

ጋሼ፦ አየሽ? ስትነጂ ዘይቱ ይሞቃል፤ በአክሰሉ ውስጥ ያለው አየር ይነፋል። በመተንፈሻው መውጣት ካልቻለ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፤ ደካማው ቦታ ፓራኦሊው ነው። የተገላቢጦሽም አለ። የጋለው አክሰል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዝና አየሩ ይኮማተራል፤ ያኔ ውሃ ይስባል። ዘይቱ ቡና በወተት የሚመስለው እንዲያ ሲሆን ነው። ፓራኦሊ ቀይሮ መተንፈሻውን ያላየ መካኒክ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ሥራ ይደግመዋል። አንቺ ግን ይህችን አጽጂ፤ ከዚያ የናፍታ ቱቦ ግዢና መተንፈሻዋን እስከ ሞተሩ ክፍል ላይኛው ጥግ ድረስ አውጪያት። የምትፈልጊው ማሻሻል ከሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ማሻሻል በዝርዝርሽ ውስጥ አላየሁም።

እሷ፦ በአንድ ሜትር ቱቦ?

ጋሼ፦ በአንድ ሁለት ሜትር ቱቦ። በይ አሁን ወደ መግጠሙ። ጎማው የሚዞርበት ማጠፊያ ከላይና ከታች ሁለት ኩሽኔታዎች አሉት፤ አዲሶቹን አስገብተናል። ጫናቸው ልክ መሆኑን የምናውቀው በዚህ በሚንጠለጠል ሚዛን ነው። ሚዛኑን ከመሪው ክንድ ጫፍ ጋር አያይዢና ቀስ ብለሽ ጎትቺ፤ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቁጥሩን አንብቢ።

እሷ፦ የጥገናው መጽሐፍ ካለው ልክ ትንሽ ይጎድላል።

ጋሼ፦ ስለዚህ ልል ነው። ከላይ ካሉት ስስ ሳህኖች አንዱን ቀንሺና ድገሚው። ልል ሆኖ ከቀረ መሪው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውም የጎማ ባላንስ እያሠራ ገንዘቡን ይጨርሳል። በእጁ ገፍቶ «ደኅና ነው» የሚል ብዙ አለ። እጅ ይገምታል፤ ሚዛን ይናገራል።

እሷ፦ አሁን ልክ መጣ። ግራሶውን እስከ አፉ ልሙላው?

ጋሼ፦ አይደለም፤ ሦስት አራተኛ ያህል። ቢርፊልዱን ግን በኳሶቹ መካከል እስኪያልፍ ድረስ በእጅሽ ጥቅጥቅ አድርገሽ ሙዪው። ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ መሆኑን ቆርቆሮው ላይ አይተሻል? ጥሩ። የዲፈረንሻሉንም ዘይት ቀይረሽ ልኩን ሙዪ፤ ወዲህ የፈሰሰው ከዚያ የጎደለ ነውና። እዚያ እያለሽ የፍሬኑንም ዘይት ቀይሪው፤ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ይኖራል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል የሚፈላው ያ እርጥበት ነው።

(ከምሳ በኋላ፣ ኮፈኑ ተከፍቷል።)

ጋሼ፦ ራዲያተሩ ውስጥ ምንድነው ያለው?

እሷ፦ የቧንቧ ውሃ። አባቴ ሁልጊዜ ውሃ ነበር የሚጨምረው።

ጋሼ፦ አባትሽ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ነው። በረዶ የለም፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ምን ያደርጋል ይላል ሰው። ፈሳሹ ግን በረዶን ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ ከውስጥ ዝገት ይከለክላል። የቧንቧ ውሃ ቦዮቹን ይዘጋል፤ የውሃ ፖምፑንም ይበላል።

እሷ፦ ሌላም ነገር አለ ጋሼ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተሩ መደበኛ ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው።

ጋሼ፦ እኔ ይህን በቁጥር አላውቀውም ነበር፤ በሥራ ግን አውቀዋለሁ። ክዳኑ የደከመ መኪና ባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ወደ ደጀን ሲወጣ ይፈላል። ሰውየው ራዲያተር ይቀይራል፣ ቴርሞስታት ያስወልቃል፣ መጨረሻ ላይ ቴስታታ ያነሳል። ክዳኑን ማንም አያየውም።

እሷ፦ ደኅና ክዳን የ0.9 ባር ያህል ግፊት ከያዘ፣ እዚህም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። ላስቲኩ ከደረቀ ግን ወደ 92 ነው የምንመለሰው።

ጋሼ፦ እንግዲህ ክዳኑን ዛሬውኑ ቀይሪ። ቴርሞስታት ላስወልቅ አላልሽም፤ እኔ ግን ከወዲሁ ልከልክልሽ። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ናፍታ ሞተር ሲቀዘቅዝ ይውላል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ የፒስተኑን ፋሻ ይበላል። ቬንቶላውን በእጅሽ አሽከርክሪው።

እሷ፦ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ቶሎ አይቆምም።

ጋሼ፦ በውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለ፤ ሲሞቅ ቬንቶላውን ከሞተሩ ጋር የሚያስተሳስረው እሱ ነው። እንዲህ በነጻ የሚዞር ከሆነ ዘይቱ ደክሟል። ይሞላል፤ መጣል የለበትም። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ ተቀየረ?

እሷ፦ ማስታወሻው ላይ ከ80,000 ኪሎሜትር በፊት ይላል።

ጋሼ፦ ልኩ 100,000 ነው። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራልሻል፤ ግን እሱን አትጠብቂ። በዚህ ሞተር ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። ... አሁን ወደ መብራትሽ እንምጣ። ኤልኢዲ ለምን ፈለግሽ?

እሷ፦ ማታ መንገዱ አይታየኝም። ግን ትናንት ከለካሁ በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አለ። ቴስተሩን አምፖሉ ጀርባ ላይ ሳደርገው 12.2 ነው።

ጋሼ፦ አንድ ተኩል ቮልት ገደማ። ይህን ያህል ያመጣል?

እሷ፦ ብዙ ያመጣል። የዚህ ዓይነት አምፖል ብርሃኑ ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወርደው። ቮልቴጁ በአሥር በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በሠላሳ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የኔ መኪና ብርሃን አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ቀርቷል። ከባትሪ ተነስቶ ወደ ጋቢና፣ በማብሪያው በኩል፣ ተመልሶ ወደ ፊት። የሠላሳ ዓመት ሽቦ፣ የሠላሳ ዓመት መገናኛ።

ጋሼ፦ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀይረው አምፖሉን ነው። 100 ዋት ገዝቶ ይሰካል።

እሷ፦ ያ ደግሞ ያባብሰዋል። ብዙ ዋት ብዙ ጅረት ይስባል፤ ብዙ ጅረት በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ብዙ ቮልቴጅ ይጠፋል፤ ማብሪያውም ይቀልጣል። እኔ ያሰብኩት ሪሌ ነው። ከባትሪው በፊውዝ አድርጌ ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ አምፖሉ እወስዳለሁ። የድሮው ሽቦ ሥራው ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ይሆናል፤ ማብሪያው ላይ የሚያልፈው ጅረት ከአንድ አምፔር በታች ይወርዳል።

ጋሼ፦ በሱቅ የተዘጋጀ የሪሌ ሽቦ አለ እኮ፤ ለምን ትደክሚያለሽ?

እሷ፦ አብዛኛው ለዚህ መኪና አይሆንም። እዚህ ላይ አምፖሉ ጋ ሁልጊዜ የሚደርሰው ፖዘቲቩ ነው፤ ማብሪያው የሚቆርጠውና የሚያገናኘው ኔጌቲቩን ነው። ሱቅ ያለው በተገላቢጦሽ የተሠራ ነው። ሳያዩ ከሰኩት ረዥሙና አጭሩ መብራት ይምታታሉ። ለዚህ ነው ከቴስተሩ በፊት ምንም የማልቆርጠው።

ጋሼ፦ ኤልኢዲውን ለምን ተውሽው ታዲያ?

እሷ፦ የመብራቱ ቤት የተሠራው ለክሩ ነው። መስተዋቱ የታጠፈው ክሩ የተቀመጠበትን ነጥብ አስልቶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ቅርጽ ያለው የብርሃን ምንጭ ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል። ለነጂው ነጭ ሆኖ ይታየዋል፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ግን ያሳውራል። በሌሊት መንገድ ላይ ያንን በሌላ ሰው ላይ ላደርግ አልፈልግም። መደበኛው 60 በ55 ዋት አምፖል ሙሉ ቮልቴጁን ካገኘ ይበቃኛል።

ጋሼ፦ ይህንን ሥራ ስትጨርሺ ጥሪኝ፤ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።

እሷ፦ ስለ ሞላውስ? እሱንም ይከለክሉኛል?

ጋሼ፦ አልከለክልሽም። ጭነት ስለምትጭኚ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልግሻል፤ አሮጌው ወርዷል። ግን አምስት ሳንቲሜትር ስታነሺው ሁለት ነገር አብሮ ይቀየራል። የፊት አክሰሉ ወደ ፊት ይዞራል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱን የሚመልስበት ጠባይ ይደክማል፤ ያንን የሚያርም ጎሚኒ አብሮ መገዛት አለበት። ሁለተኛው የፍሬን ነው። ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ጭነት ሲኖር መኪናው ዝቅ ይላል፤ ቫልቩ ያን ዓይቶ ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ፍሬን ይሰጣል። ሞላው መኪናውን ሲያነሳው ቫልቩ ባዶ ነው ብሎ ያስባል።

እሷ፦ ሙሉ ጭኜ እየሄድኩ የኋላ ፍሬኔ ይቀነሳል ማለት ነው?

ጋሼ፦ አዎ። ዘንጉን በተነሳው ልክ ማስተካከል ነው። ቀላል ሥራ ነው፤ ግን ሞላ የሚሸጥልሽ ሰው አይነግርሽም። ሰፊውን ጎማ እንተወው፤ ይህ ሞተር ያለውም ይከብደዋል።

እሷ፦ ሞተሩ ይከብደዋል ያሉት እርስዎ ነዎት! ስለዚህ ቱርቦው። ልናገር?

ጋሼ፦ ተናገሪ።

እሷ፦ ይህ ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ የተሠራ ነው። ጉልበቱ በባሕር ጠለል 130 ፈረስ ገደማ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሞተሩም በዚያው ልክ አየር ያጣል። እኔ መሮጥ አልፈለግሁም። ቱርቦ የምፈልገው ከፍታው የወሰደብኝን አየር ለመመለስ ያህል ብቻ ነው።

ጋሼ፦ የአየሩ ነገር እውነት ነው፤ አልከራከርሽም። እንጦጦ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ናፍታው እንደ ባሕር ጠለል ይረጫል፣ አየሩ ግን የለም። አንዳንዱ መካኒክ ደግሞ ጉልበት ለመጨመር የናፍታ ፖምፓውን ቪቴ አጥብቆ ናፍታውን ያበዛዋል፤ የሚጨምረው ጭሱን ነው። አንቺ የምትዪው በተቃራኒው አየሩን ማብዛት ነው። ሐሳቡ ይሻላል። የምፈራው ሞተሩን ነው።

እሷ፦ ጠንካራ ነው ይሉኝ የለም እንዴ?

ጋሼ፦ በተሠራበት ልክ ጠንካራ ነው። ናፍታው የሚቀጣጠለው መጀመሪያ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ እሳቱ ከዚያ ወደ ፒስተኑ ይወጣል። ሙቀቱ በዚያች ክፍል አፍ ላይ ይከማቻል። ቱርቦ ሲጨመርበትና ናፍታውም ሲበዛ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ቶዮታ ራሱ ለዚህ መኪና ቱርቦ ሲያስብ በዚህ ሞተር ላይ አልጨመረም፤ ሌላ ሞተር ነው የሠራው። ያኛው ናፍታውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይረጫል። የመጨመቂያ ልኩም ያኛው 18.6 ነው፤ ያንቺ 22.4። ይህን ልዩነት ዝም ብለው አላደረጉትም።

እሷ፦ ግፊቱን ዝቅ ካደረግሁና የጭሱን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ከገጠምኩስ? ናፍታውን ካልጨመርኩስ?

ጋሼ፦ ያኔ ልሰማሽ እችላለሁ። ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ቱርቦ የሚገጥም ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ነው። ከዚያም በፊት ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ሞተር ውስጡ ምን እንደሚመስል አንቺም እኔም አናውቅም። ስንት መቶ ሺህ ኪሎሜትር እንደሄደ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማመን ነው። ፋሻው ያለቀ ሞተር ላይ አየር ብትጨምሪ ጉልበት አይሆንልሽም።

እሷ፦ ስለዚህ ኮምፕሬሽን እንለካ።

ጋሼ፦ ስድስቱንም። ካንዴላዎቹን ፈትተሽ በቀዳዳቸው በኩል። የአየር ፊልትሮው የጸዳ፣ ባትሪው ሙሉ፣ ሞተሩ የሞቀ መሆን አለበት።

እሷ፦ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ግን እዚህ አናገኘውም። ከአየሩ ግፊት ጋር ስለሚወርድ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው። ያንን ያላሰበ ሰው ደኅናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ያስፈታል።

ጋሼ፦ ለዚህ ነው አንዱን ከሌላው ጋር የማነጻጽረው። አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወደቀ ያ ሲሊንደር ችግር አለበት። እዚያ ላይ ጥቂት ዘይት ጨምረሽ ድገሚው፤ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፣ ካልወጣ ቫልቩ ነው።

እሷ፦ ስድስቱም ከተቀራረቡስ?

ጋሼ፦ የቫልቮቹን ክፍተት እናስተካክላለን፤ ኖዝሎቹን ፖምፓ ቤት ወስደን እናስፈትሻለን። ፖምፓው ላይ የከፍታ ማስተካከያ እንዳለም እናያለን፤ አንዳንዶቹ አላቸው፣ ካለም ብዙ ጊዜ ሠርቶ አያውቅም። ከዚያ እንጦጦን ውጪበት። አሁንም ጉልበት ከጎደለሽ ስለ ቱርቦው ቁጭ ብለን እናወራለን።

እሷ፦ መለኪያው አለዎት?

ጋሼ፦ ለናፍታ የሚሆነው አለኝ። የቤንዚኑን እንዳትበደሪ፤ ይህን ግፊት አይችልም። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሞቆ ይጠብቀኝ፤ ስድስት መስመር ያለው ወረቀትም አዘጋጂ።